ሲሄድ ሃያ አምስት ብር የነበረ ካፖርት

የፖስታ ሳጥኗ የእኔ ናት። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ለንግዱ ብሎ የተከራያት ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ ለእኔ፣ ለክርና ቁልፍ ሻጯ ለበለጥሻቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ባይኖርም አልመለስኳትም። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለው የልብስ ሰፊዎች መደዳ በሙሉ ደብዳቤውን የሚቀበለው በእሷ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሄጄ እከፍታለሁ፣ ስመለስ ለየባለቤቱ አድላለሁ።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንዲት ቢጫ ወረቀት አገኘሁ። «ከውጭ ሀገር ጥቅል ዕቃ ስለመጣልዎ መታወቂያዎን ይዘው ይቅረቡ» ትላለች። ስሙ የጋሼ እንድሪስ ነው።

ጋሼ እንድሪስ ሱቃቸው ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የወሎ ሰው ናቸው፣ የደላንታ። መርካቶ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍተዋል። ሱሪ ለማሳጠር የመጣውንም፣ ለሠርጉ ሙሉ ልብስ የሚያሰፋውንም በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ አጎንብሰው፣ ብዙ ሳይናገሩ ይሠራሉ። ሰው ሥራቸውን ሲያደንቅላቸው «ደህና ናት» ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ቃል ስለ ሥራቸው ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ወረቀቷን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ሱሀይር ምን ልካ ይሆን?» አሉ። ፊታቸው በራ።

ሱሀይር የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ዓመት ቀደም ብሎ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሶቪየት ኅብረት ሄዳለች፣ ሕክምና ልትማር። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ የተማረችው ኪየቭ በሚባል ከተማ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ብርድ የጻፈችው ደብዳቤ የተነበበው እኔ ሱቅ ውስጥ ነበር። «አባዬ፣ ካፖርት ሰጥተውናል። የእኔ ግን የወንድ ነው። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል፣ ነፋሱም በሥር ይገባል» ትላለች። ጋሼ እንድሪስ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በዚያው ሳምንት ካፖርት ጀመሩ።

ስለዚያ ካፖርት ትንሽ ማውራት አለብኝ። የላይ ጨርቁ ከንጉሡ ዘመን የቀረ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። አንድ ደንበኛቸው ሙሉ ልብስ ሊያሰፉበት አምጥተውት ነበር፤ በ1967 ታሰሩና ሳይመለሱ ቀሩ። ጋሼ እንድሪስ ጨርቁን ለሚስታቸው ሊመልሱ ቢሄዱ «የሚለብሰው የለም፣ ለሥራህ ይሁንህ» ብለው መለሷቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ መቀስ ሳያስነኩት በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር። ለውስጡ ደግሞ ብርድ የሚከላከል ነገር በዚያን ጊዜ ገበያው ላይ አይገኝም። ወንድማቸው ከደላንታ ባና ላኩላቸው፤ ከደጋ በግ ጠጉር የሚሠራው ያ ወፍራም ብርድ ልብስ። እሱን ቆርጠው በሱፉና በገበሩ መካከል ከተቱት። ባና አስቸጋሪ ነው፣ ያብጣል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ፣ በእጃቸው ያዙት። ክሩን ከእኔ ወሰዱ። ቁልፎቹን ከቀንድ አስጠረቡ። የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየተቀመጡበት አምስት ወር ፈጀ። ያለቀ ዕለት የመደዳው ሰው በሙሉ እየተጠራራ መጥቶ አየው።

«ደህና ናት» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ሰኔ ላይ ላኩት። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ሱሀይርን ሚንስክ ወደሚባል ሌላ ከተማ አዛወሯት። አዲሱን አድራሻ የያዘው ደብዳቤዋና ካፖርቱ መንገድ ላይ ተላለፉ። እኛ ይህን አላወቅንም።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሳጥኗ በእኔ ስም ስለሆነች አንዳንዴ የእኔንም መታወቂያ ይጠይቃሉ። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል በእግር ወረድን። ጋሼ እንድሪስ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ መንገዱን ሙሉ «ገንዘቧን በማይረባ ነገር አጥፍታ እንዳይሆን» ይላሉ፣ እንዲህ እያሉ ግን እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።

የጥቅል ዕቃ መቀበያው አዳራሽ ሰው ሞልቶታል። ተራችን ሲደርስ ቀረጥ የሚገምተው ወጣት አንድ ትልቅ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገመዱን ቆረጠ። ኃይለመለኮት ይባላል፣ ስሙ ጠረጴዛው ላይ ተጽፏል። ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣው ያንን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ነው።

ጋሼ እንድሪስ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አልደረሳትም» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው። «በለጡ፣ አልደረሳትም እኮ።»

ኃይለመለኮት አልሰማቸውም። ካፖርቱን ይመረምራል። ኮሌታውን ገለበጠ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አየ፣ ገበሩ ላይ አውራ ጣቱን አስኬደ። ችኮላ የለበትም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ ረጅም ነገር ጻፈና ወረቀቱን ወደ ጋሼ እንድሪስ አዞረው።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ብር።»

«ለምኑ?»

«ለቀረጡ ነው፣ አባት። የውጭ ሀገር ካፖርት፣ አዲስ፣ ግምቱ ሦስት መቶ ብር።»

ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ብር በዚያን ጊዜ ጋሼ እንድሪስ ከሁለት ወር በላይ የሚሰፉበት ነው።

«የውጭ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ለልጄ ልኬላት አድራሻው ጠፍቶ ተመልሶ ነው።»

«መመለሱን አይቻለሁ» አለ ኃይለመለኮት። ከፋይሉ አንድ ሌላ ወረቀት አወጣ። «ሲላክ የተሞላው ቅጽ ደግሞ ይኸው። "ልብስ፣ አንድ፣ ዋጋው ሃያ አምስት ብር" ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሲሄድ ሃያ አምስት ብር የነበረ ልብስ እንዴት ሲመለስ እንዲህ ያለ ካፖርት ይሆናል? ካርቶኑ የሄደበት አይደለም። ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ጨምሯል።»

«ካርቶኑ ተቀዶ እነሱ ቀይረውት ይሆናላ» አልኩ እኔ።

«ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።» ድምፁን አላነሳም። «አንዳንድ ሰው አሮጌ ልብስ ወደማይገኝ አድራሻ ይልካል። እዚያ ያለው ዘመዱ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ይከትና "ተመላሽ" ብሎ ይልክለታል። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ይዘናል። እርስዎ እንዲህ አድርገዋል አልልም። እኔ የማየው ዕቃውን ነው። ስድስት ዓመት ልብስ ገምቻለሁ፣ ስፌት አውቃለሁ። ይሄ ስፌት እኮ በተቃራኒ ነው የተጋደመው፤ የእኛ ሰፊዎች እንዲህ አይሰፉም። ይሄ ካፖርት መርካቶ አልተሰፋም።»

ጋሼ እንድሪስ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ አሞግሷቸው አያውቅም፤ ማንም እንዲህ ሰድቧቸውም አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥተውባቸው የቱን እንደሚመልሱ ጠፋቸው።

ኃይለመለኮት ሕጉን ነገረን። በሠላሳ ቀን ውስጥ ከፍሎ፣ ግምቱን አምኖ ፈርሞ መውሰድ ይቻላል። ያልተስማማ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ሁለቱንም ካላደረጉ ዕቃው በሐራጅ ይሸጣል።

በሩ ላይ አንድ ሰው ተከተለን። ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጓል። ነገሩን ከኋላችን ቆሞ ሰምቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ብር ብቻ ይስጡኝ» አላቸው። «የውስጥ ሰው አለኝ። "ያገለገለ ልብስ" ብሎ ያስጽፍልዎታል፣ ቀረጡ ከአሥር ብር አያልፍም።»

ጋሼ እንድሪስ ቆሙ። «ያገለገለ?»

«አዎ፣ አሮጌ ብሎ።»

«ማን ለብሶት ነው ያገለገለው?» አሉት። መልሱን አልጠበቁም፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማታውኑ ወሬው ባለቤታቸው እትዬ ሁሪያ ዘንድ ደረሰ። እትዬ ሁሪያ ቁርጥ ያሉ ሴት ናቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ መጡ። የዕቁብ ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። እኔ ባለሁበት ነው የተነጋገሩት።

«ይኸው፣ ሦስት መቶ ብር ነው» አሉ። «ሂድና አውጣው። ኅዳር ገባ፣ እዚያ አሁን በረዶው ይጀምራል። ልጄ በሰው ካፖርት ሁለተኛ ዓመት አትኖርም።»

«ሁሪያ፣ ከፍዬ ማውጣት አያቅተኝም። መፈረም ነው ያቃተኝ።»

«መፈረም ምን ያቅታል?»

«ወረቀቱ "የውጭ ሥሪት" ይላል። ከሥሩ እኔ ስሜን እጽፋለሁ። እንድሪስ ይህን ካፖርት አልሰፋውም፣ ሌላ ሰው ነው የሰፋው ብዬ በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው።»

«ወረቀቱን ማን ያነበዋል?»

«እኔ» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

እትዬ ሁሪያ መሐረቡን መልሰው ብብታቸው ከተቱት። «ሁለት ሳምንት» አሉ። «ሁለት ሳምንት ተሟገት። ካልሆነ እኔ ራሴ ሄጄ እፈርማለሁ። እኔ እንደሁ ልብስ ሰፊ አይደለሁም።»

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፣ ጋሼ እንድሪስ አነበቡት። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ ስለተባልን ሦስት ቀን ተመላልሰን አገኘን። ደብዳቤው ጋሼ እንድሪስ የቀበሌው ነዋሪ መሆናቸውን፣ በልብስ ስፌት እንደሚተዳደሩ፣ የስብሰባና የጥበቃ ግዴታቸውን እንደሚወጡ ይገልጻል። «ካፖርቱን ስለመስፋታቸው ግን በመዝገባችን የሰፈረ ነገር የለም» ይላል። ከሥሩ መፈክርና ክብ ማኅተም አለው። የመደዳው አሥራ ዘጠኝ ልብስ ሰፊዎችም «ሲሰፋ አይተናል» ብለው ፈረሙ። ከመካከላቸው ከጋሼ እንድሪስ ጋር በደንበኛ ተጣልቶ አራት ዓመት ያኮረፈ ሰው ነበር። እሱም መጣ፤ አላናገራቸውም፣ ፈረመና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

ኮሚቴው የጠራን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እትዬ ሁሪያ ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ሦስት ቀን ቀርቶሃል» አሏቸው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከል ያሉት ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሙሉመቤት ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲያዩ ሰውን ትክ ብለው የሚያዩ። ግራና ቀኛቸው ሁለት ወንዶች አሉ። ኃይለመለኮት ፋይሉን ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። ካፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

ወይዘሮ ሙሉመቤት የቀበሌውን ደብዳቤ አነበቡ፣ የአሥራ ዘጠኙን ፊርማ አዩ፣ ሁለቱንም ወደ ጎን አደረጉ።

«ጎረቤት ለጎረቤት ይፈርማል፣ ደግ ነው» አሉ። «ማስረጃ ግን አይሆነኝም። አቶ እንድሪስ፣ እኔ አንድ ነገር ነው ያልገባኝ። ሃያ አምስት ብር ብለው የጻፉት ራስዎ ነዎት። ዛሬ ደግሞ ይህን ካፖርት እኔ ሰፋሁት ይላሉ። ያኔ ነው እውነቱን የጻፉት ወይስ አሁን ነው የሚናገሩት?»

ጥያቄው ከበደኝ፤ እኔ ብሆን አንድ ነገር እቀባጥር ነበር። ጋሼ እንድሪስ ካፖርቱን አዩት።

«ያኔ የጻፍኩት ልክ አልነበረም» አሉ።

«ለምን ጻፉት?»

«ቅጹ ዋጋ ይላል። ለልጄ ነው የሰፋሁት፣ አልሸጠው። ትልቅ ቁጥር ብጽፍ ጸሐፊዋ "እንዲህ ያወጣል ብሎ ነው" ብላ የምትስቅብኝ መሰለኝ። አፈርኩ። የመላኪያውም ይጨምራል ብዬ አሰብኩ። ሃያ አምስት ብዬ ጻፍኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሱፉ ብቻውን ከዚያ በላይ ያወጣል። እጄን ጭራሽ አልቆጠርኩትም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ።»

«አሁን ቢቆጥሩትስ?»

«ሦስት መቶ ብር ያሉት እሳቸው ዋጋ ያውቃሉ» አሉ ጋሼ እንድሪስ ወደ ኃይለመለኮት እያዩ። «ብቻ ትንሽ አንሷል።»

ከሰብሳቢዋ በስተቀኝ ያሉት ሰውዬ ቀና አሉ። ኃይለመለኮትም ቀና አለ።

«ስለዚህ በዋጋው አልከራከርም» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «የምከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራው የማን ነው በሚለው። የውጭ ሰው ሥራ ከሆነ ቀረጡ ይከፈል። የኔ ከሆነ ደግሞ የኔ ነው ይባል።»

ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆነው እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ጀርባዬን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።

«በምን እንወቅ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት።

ጋሼ እንድሪስ ከኪሳቸው ትንሿን መቀሳቸውን አወጡ። «ገበሩን ልክፈት። ውስጡ ያለው የሩሲያ ነገር ከሆነ እዚሁ እፈርማለሁ።»

ኃይለመለኮት ተቃወመ። «ዕቃው የተያዘ ነው። ከተቀደደ በሐራጅ ዋጋ አይኖረውም።»

«አይቀደድም፣ ይፈታል» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ለሚሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ ብዬ እፈርምላችኋለሁ።»

ፈረሙ። ከዚያ የካፖርቱን የታች ጠርዝ ገልብጠው የመቀሱን ጫፍ ክሩ ሥር አስገቡና አንድ ስንዝር የሚያህል ፈቱት። ገበሩ ሲከፈት ባናው ወጣ። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ጠጉራም። ክፍሉ ውስጥ የበግና የጭስ ሽታ ሸተተ።

በስተቀኝ ያሉት ሰውዬ እጃቸውን ሰደው ባናውን ዳሰሱ። «ባና ነው» አሉ። «እኔ በዚህ ተጠቅልዬ ነው ያደግሁት። ይሄ የትም ፋብሪካ አይወጣም።»

እፎይ ልል ስል ኃይለመለኮት እጁን አነሳ።

«የሀገር ጨርቅ መሆኑን አልክድም» አለ። «ግን ባናውን ልከው እዚያ አሰፍተውት ቢሆንስ? የጻፍኩት ስለ ስፌቱ ነው። ስፌቱ እንግዳ ነው፣ ወደ ተቃራኒው የተጋደመ ነው። ይህ ካልተመለሰልኝ ግምቱን መሰረዝ አልችልም።»

ያን ጊዜ ወጣቱን ጠላሁት። አሁን ሳስበው ግን ትክክል ነበር፤ ያላመነበትን አመንኩ አላለም። ወይዘሮ ሙሉመቤትም «ጥያቄው ተገቢ ነው» አሉ።

ጋሼ እንድሪስ ወንበር ጠየቁ። «መቼም ከፍቼው አልሄድም፣ መዝጋቴ አይቀርም» አሉ። «ስዘጋው ይመልከቱ።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ መርፌና ክር ከኮሌታቸው ሥር አወጡ። ወይዘሮ ሙሉመቤት የሌላ ሰው ፋይል ከፈቱ፣ ሁለቱ ሰዎች አብረዋቸው አቀረቀሩ። ኃይለመለኮት ብቻ እጆቹን አጣምሮ ጋሼ እንድሪስ ፊት ቆመ። መርፌዋ ገባች፣ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ኃይለመለኮት አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

«አባት» አለ፣ «ግራኝ ነዎት?»

ጋሼ እንድሪስ መርፌውን አቆሙ። «ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጅ ሳሉ የቁርዓን መምህራቸው በግራ እጃቸው ሲጽፉ እያገኙ ይመቷቸው እንደነበር አንዴ ነግረውኛል። በቀኛቸው መጻፍ ለመዱ፣ በቀኛቸው ይበላሉ፣ ይጨብጣሉ። መርፌ ግን በቀኝ እጃቸው እሺ አላላቸውም። እኔ ለምጄው ነገሬም ብዬው አላውቅ። እሳቸው ደግሞ እንደ ነውር ስለሚያዩት፣ ራሳቸውን የሚያድን ማስረጃ መሆኑ ፈጽሞ አልታያቸውም።

ኃይለመለኮት ስፌቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ካፖርቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣው። አሁን የተሰፋውን በአንድ እጁ፣ በፊት የተሰፋውን በሌላ እጁ ይዞ አስተያየ። በጣቱ እየለካ ቆጠረ። ሁሉም ክር ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል፣ ነፋስ እንደመታው ጤፍ። ከዚያ ገልብጦ የእጅጌውን ሥር አየ፣ ኮሌታውን አየ።

«የአንድ ሰው እጅ ነው» አለ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ። «የእሳቸው ነው። በሪፖርቴ "በዚህ ሀገር ያልተለመደ" ብዬ የጻፍኩት የግራ እጅ ስፌት ነው። ተሳስቻለሁ። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ብዕራቸውን አነሱ። «ቀረጡ ተሰርዟል» አሉ። «የመጋዘን አራት ብር ከሃምሳ ይከፈል።» ከዚያ ካፖርቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ኮሌታውን በመዳፋቸው አስተካከሉት። «ልጅዎ ምንድን ነው የምትማረው?»

«ሕክምና።»

«እሷም ደህና ትሰፋለች እንግዲህ» አሉ ሰብሳቢዋ። ጋሼ እንድሪስ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

አራት ብር ከሃምሳውን ሲከፍሉ ኃይለመለኮት ራሱ ደረሰኙን ሞላ። «የተሠራበት ሀገር» በሚለው ላይ ቀድሞ የተጻፈውን በማስመሪያ ሰርዞ «ኢትዮጵያ» ብሎ ጻፈ። ጋሼ እንድሪስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አልተንቀሳቀሱም።

«የቀረ ነገር አለ?» አለ ኃይለመለኮት።

«ቦታ ካለው» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ «መርካቶ የሚለውም ቢገባበት።»

ቦታ አልነበረውም። ኃይለመለኮት በኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ በእጅ የተሰፋ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን እላዩ ላይ መታበት።

ካፖርቱ ያን ቀን ወደ ቤት አልተመለሰም። ሱሀይር አዲሱን አድራሻ የጻፈችበት ደብዳቤ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ደርሶን ስለነበር ቀጥታ ወደ መላኪያው መስኮት ሄድን። ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችን፣ እኔ ልሙላላቸው ብዕር አነሳሁ። ዓይነት የሚለው ላይ «ካፖርት» ብዬ ጻፍኩ። ዋጋ የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አራት መቶ ብር» አሉ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ የመድኑ ክፍያ ሰባት ብር ይጨምራል» አለች ጸሐፊዋ።

«ይጨምር» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ከኋላችን ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ሱቅ ስንደርስ እትዬ ሁሪያ መሐረባቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጋሼ እንድሪስ ደረሰኙን ሰጧቸው። እትዬ ሁሪያ ቀስ እያሉ ኅዳጉን ጭምር አነበቡና «ለዚች ነው እንግዲህ አሥራ አንድ ቀን ያልተኛኸው» አሉ። ከዚያ ደረሰኙን አልመለሱላቸውም። ከዕቁቡ ገንዘብ ጋር ቋጥረው ብብታቸው ከተቱት።

ካፖርቱ ጥር ላይ ደረሰላት። ደብዳቤው ለእኛ የደረሰው የካቲት ነው፣ ውስጡ አንድ ፎቶ ነበረበት። ሱሀይር በረዶ በሸፈነው መንገድ ላይ ቆማለች፣ ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ ካፖርቱ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ከእሷ ጋር የሚማሩ ልጆች የት እንደገዛችው እየጠየቋት መሆኑን፣ አባቷ እንደሰፉት ስትነግራቸው አንዷ ልጅ «ገበሩን ገልብጬ ካላየሁ አላምንም» እንዳለቻት ጽፋለች።

ፎቶው ያን ሳምንት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። አራት ዓመት ያኮረፈው ልብስ ሰፊ ጭምር ሊያየው ሱቅ ድረስ መጣ። ጋሼ እንድሪስ ለመጣ ሁሉ ፎቶውን ሲያሳዩ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚያው ቦታ ነው።

«ትከሻውን እዩት» ይላሉ። «አንዲት እጥፋት የለውም።»

«ልጅቷንም እይ እንጂ» አሏቸው እትዬ ሁሪያ፣ ከኋላቸው ቆመው። «ወፍራለች።»

ጋሼ እንድሪስ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «ወፍራለች» አሉ። «ወገቡን ትንሽ ሰፋ ማድረግ ነበረብኝ።»